የሰይድን ወርቅ በመዶሻ የመታሁ ቀን

ስማኝማ ሰይዶ... ያቺ የወተት ጣሳ ውስጥ የደበቅካት ድንጋይህ ትናንት ከሰዓት ጉድ አፈላች! አንተ ደግሞ ቁጭ ብለህ መሳቅ ሲገባህ የለህም።

ለማታውቁት... ሰይድ ታላቅ ወንድሜ ነው። እዚህ ሶማሌላንድ፣ ሀርጌሳ ያመጣኝም፣ የሰው ቤት ግድግዳ በጀሶ እየለሰነ የሚያስተምረኝም እሱ ነበር። በቀደም «ትኩሳት ቢጤ ነው» ብሎ ተኛ... በዚያው ቀረ። ወሎ ያለችው እናታችን መርዶውን አልሰማችም። ከጦርነቱ ወዲህ ስልክ አይገባም፣ መንገዱም ዝግ ነው። ሲከፈት ራሴ እሄዳለሁ።

አሁን ወደ ድንጋይዋ።

ሰይድና የሥራ ጓደኞቹ ጌቱና ዐሊ፣ ጁምዓ ጁምዓ፣ እዚህ ሥራም ትምህርትም በማይኖርበት ዓርብ ቀን፣ ከከተማ ወጥተው ደረቅ ወንዝ ውስጥ ወርቅ ይፈልጋሉ። እኔም አንዳንዴ እከተላቸዋለሁ። «ወርቅ ከባድ ነው፤ ጎርፍ ሲደክመው መጀመሪያ የሚጥለው እሱን ነው» ይለኝ ነበር ሰይድ፣ የድንጋይ ጥግ እየጫረ። አንድ ቀን ጡጫ የምታክል ነጭ ኳርትዝ አገኙ። ሆዷ ውስጥ ቢጫ ነገር ያብረቀርቃል። ሦስቱም እንደ ሕፃን ዘለሉ።

ማታ ቤት ሳያት ግን ቢጫዎቹ እንደ ኩብ ስኳር ማዕዘን ማዕዘን አላቸው። ወርቅ ደግሞ እንዲህ ያለ ማዕዘን የለውም፤ ያስተማረኝ ራሱ ሰይድ ነው።

«ሰይዶ፣ ይሄ ፓይራይት አይደል እንዴ? የሞኝ ወርቅ?»

አፌን በእጁ ከደነው። «ዝም በል! ልጆቹ ደስ ብሏቸዋል። ደስታቸውን ልቀማቸው?»

እናም ዝም አልን።

ትናንት ከሰዓት ለቀስተኛው ሄዶ ጌቱ፣ ዐሊና ጋሽ ከድር ብቻ ቀሩ። ጋሽ ከድር ያገራችን ሰው ናቸው፤ ሰይድን ሥራ ያስገቡትም እሳቸው ናቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እንግዲህ ልጁ ብቻውን ቀረ። ከቅዳሜ ጀምሮ ከእኔ ጋር ሥራ ይገባል። ትምህርት እንደሆነ የትም አይሸሽም» አሉ።

አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሼ...

ጌቱ ወደ እኔ እየጠቆመ ብድግ አለ። «ጋሼ፣ ወርቁ እያለ ምን ሲደረግ? እመቤቴን፣ የኔን ድርሻ ለጀማል ለቅቄያለሁ። ይማርበት!»

ዐሊም አልዘገየም። «ወላሂ እኔም ለቅቄያለሁ! ቅንጣት አልፈልግም!»

ጋሽ ከድር ዓይናቸው ፈጠጠ። «ወርቅ አላችሁ? ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ፣ አምጡትና አሁኑኑ ገበያ ወስደን እናስመዝነዋ!»

ጌቱ ዐሊን አየ። ዐሊ ጣሪያውን አየ። እኔ ጣሳውን አየሁ።

ዝም ብል ወርቅ ነጋዴዎቹ ይስቁባቸዋል፤ እኔም ቅዳሜ ጀሶ ውስጥ ነኝ። ብናገር ደግሞ ያው ነው፣ ቅዳሜ ጀሶ ውስጥ ነኝ። ግን እነዚህን ሰዎች ገበያ መሀል ማሳፈር አልቻልኩም። ድንጋይዋን ደፍ ላይ አስቀመጥኩና የሰይድን መዶሻ አነሳሁ።

«ወርቅ ከሆነ ይተጣጠፋል እንጂ አይሰበርም» አልኩና... ቋ!

ቢጫው እንደ ብርጭቆ ብትንትን አለ። ክፍሉ የተጫረ ክብሪት ሸተተ።

የጌቱ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሊያለቅስ ነው ብዬ ልይዘው ስነሳ... ለካ እየሳቀ ነው!

«እኔ እኮ ድሮ ነው ያወቅሁት!» አለ እንባውን እየጠረገ። «ጫፏን በፒንሳ ስነካት ዱቄት ሆነች። ሰይድ ቅር እንዳይለው ብዬ ነው ዝም ያልኩት!»

ዐሊ ጮኸበት። «አንተም?! እኔ ፎቶዋን ለወርቅ ነጋዴ አሳይቼ ሰውዬው ሳቀብኝ እኮ! ለእናንተ ብዬ ነው የደበቅሁት!»

«ሰይድም ያውቅ ነበር» አልኩ። «ለእናንተ ብሎ።»

ከዚያ በኋላ ማን ማንን ያቁም? ለቅሶ ቤት ውስጥ እንዲህ አይሳቅም... ግን ሳቅን። ጋሽ ከድር ብቻ አልሳቁም።

«ቆይ እስቲ... ቅድም እየማላችሁ የሰጣችሁት ባዶ ድንጋይ መሆኑን እያወቃችሁ ነው?»

ጌቱ አንገቱን ደፋ። «ጋሼ፣ ልጁን ከትምህርት አያስቀሩብን ብዬ ነው እንጂ...»

«ጥሩ። በውሸት ወርቅ እንዲህ ከለገሳችሁ፣ በእውነተኛ ጀሶ እስቲ ልያችሁ! ያን ወርቅ ፍለጋ የምትዞሩበትን ጁምዓ ስጡት። አያሃ ሰፈር የጀመርኩት ቤት አለ። ጁምዓ ጁምዓ እኔም ጭምር እንሠራለን፣ ገንዘቡ ለትምህርቱ ነው።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተም መጥተህ ታቦካለህ። በሌላው ቀን ግን ሥራ ላይ ባይህ ውርድ ከራሴ!»

ጌቱና ዐሊ እሺ አሉ። ያቺን ጁምዓ እንዴት እንደሚወዷት የማውቀው እኔ ነኝ።

ማታ ሁሉም ሄዱ። ብቻዬን አደርኩ።

ዛሬ ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ አልነበረም፤ ግን በጊዜ ነቃሁ። ዩኒፎርሜን ለበስኩ፣ ጫማዬን ወለወልኩ፣ ትምህርት ቤት በር ላይ ከሁሉም ቀድሜ ተገኘሁ። ዘበኛው ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ወርያ፣ አንተ ልጅ! ዛሬ ጁምዓ ነው፣ ማን ሊያስተምርህ ነው?»

ለካ በለቅሶው መሀል ቀኑ ጠፍቶብኛል! በባጃጅ ወደ አያሃ በረርኩ። ጌቱ በዩኒፎርሜ ነጭ ሸሚዝና ክራባት ስመጣ ሲያየኝ መሰላሉን ይዞ በሳቅ ተንፈራፈረ። «ኢንጂነሩ መጡ፣ መንገድ ልቀቁ!»

ባልዲ ሰጡኝ። ጀሶውን ውሃ ላይ በተንኩና ማቡካት ጀመርኩ። ግድግዳው ጋ ቀና ስል ሰይድ የሚቆምበት ቦታ ባዶ ነው... እንባዬ መጣ።

«ጀሜ፣ ቶሎ በል፣ ሊደርቅብህ ነው!» አለ ጌቱ።

ጀሶ አንዴ ውሃ ከነካው ለማንም አይጠብቅም። ለቅሶዬን ለምሳ ሰዓት አስተላልፌ ማቡካቴን ቀጠልኩ።