የሰይድ እናት ድምፅ

በደርግ ጊዜ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር፣ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ ቁስል የማክም፣ መርፌ የምወጋ ድሬሰር ነበርኩ። ጉም መስኮቱን በሸፈነበት አንድ ጠዋት፣ ዘሃራ የምትባል ሴት ወንድሟን ሰይድን ከኩታበር ይዛው መጣች። ሰይድ ትልቅ ሰው ነው፤ ነገር መረዳትና መናገር ግን ይቸግረዋል። ሆዱን ያመዋል ብላኝ ልዳስሰው ስል ጋቢውን ተከናንቦ ግድግዳው ሥር ኩርምት አለ። ባባብለው፣ ብለምነው፣ ወይ ፍንክች!

ዘሃራ ከዘንቢሏ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ቴፕ አውጥታ ከፈተችው።

«ሰይዴ፣ እናትህ ነኝ» አለ ለስላሳ የአሮጊት ድምፅ። «የሚያምህን በጣትህ አሳየው።»

ሰይድ ቀስ ብሎ ተገለጠና ከእምብርቱ በስተቀኝ አሳየኝ።

«አንተም ሐኪሙ፣ እጅህን አሙቀው። ቀዝቃዛ እጅ አይወድም።»

ሳላስበው «እሺ እማማ» ብዬ እጄን እፍ እፍ አልኩ። ሳይኮራመት አስዳሰሰኝ። ትርፍ አንጀት ሳይሆን አይቀርም። ድምፁ ከጉሙ ውስጥ፣ ከወዲያኛው ዓለም የመጣ መሰለኝ። የሆስፒታል መላኪያ ወረቀቱን እየጻፍኩ፣

«እናታችሁን አላህ ጀነት ያግባቸው። መቼ ነው ያረፉት?» አልኳት።

ዘሃራ ክው አለች። «ያ አላህ! ምን ነካዎት? በር ላይ ተቀምጣለች እኮ! መርፌ ስለምትፈራ አትገባም፤ ለዚህ ነው ድምጿን ቤት የቀዳነው።»

ያው ድምፅ ከውጭ ጮኸ፦ «ዘሃራ፣ እጁን አሞቀ ወይ?»