ሸዋርካብሽ የተናገረችበት ካሴት

ኪዳነ ማርያም በመሳለሚያ አጠገብ ስፒከርና ቴፕ ሲጠግን ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ከኪዮስኩ ጎን የጸሎት መጻሕፍት እሸጣለሁና የሕይወቱን ነገር ቀርቤ አውቃለሁ። ስለዚህ ሰው የምጽፈው የታወቀ ስም ስላለው አይደለም፤ አንድ ድምፅ ሲፈልግ ብዙ ዘመን ስላየሁት ነው።

በወጣትነቱ ሥራው ካሴት መቅዳት ነበር። ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር በነበረችው አንዲት ክፍል ቤቱ ውስጥ መርከበኞችና የአውሮፕላን አስተናጋጆች ያመጡለትን ሸክላ ወደ ካሴት እየገለበጠ ይሸጣል። ሸክላዎቹ ከአሜሪካ፣ ከጋና፣ ከናይጄሪያና ከብራዚል የመጡ፣ ፋንክ፣ ሶልና ጃዝ የሚባሉ ሙዚቃዎች ነበሩ። ኪዳነ የባዕዱን ፊደል አጥርቶ ስለማያነብ ስም የሚያወጣላቸው በሽፋናቸው ሥዕል ነበር፤ ገዢውም በዚያው ስም ይጠይቃል።

«ባለ ጃንጥላው ደርሷል?»

«አልቋል፤ ባለ ዶሮው ግን አለ። እግርህን አያስቀምጥህም!»

እኔ በዜማ ቤት ያደግሁ ሰው ስለሆንሁ ያን ዓይነቱን ጨዋታ አላመሰግነውም ነበር። ያን ጊዜም በግድግዳ የምንለይ ጎረቤቱ ነበርሁና በጾም ወራት «ኪዳነ፣ ዝቅ አድርገው» ብዬ ግድግዳውን ያልመታሁበት ዓመት የለም። ነገር ግን ቤዝ ጊታሩ ከሥር እንደ ከበሮ ሲረግጥ፣ ጥሩንባዎቹም ተቀባብለው ሲመልሱ፣ ደስ ያለው ሰው የሠራው መሆኑን መካድ አልችልም።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሸክላ ማጫወቻውን ከቴፑ ጋር የሚያገናኝ ገመድ አልነበረውም። ማይኩን ከስፒከሩ ፊት አቁሞ ይቀዳ ነበር። እንግዲህ በክፍሉ ውስጥ የተሰማው ሁሉ ከዘፈኑ ጋር ይገባል፤ የበር መንኳኳት፣ የማንኪያ ድምፅ፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ የሚስቱ የሸዋርካብሽ ሳቅ።

በ፲፱፻፸፩ ዓ.ም. ገመድ ገዛ። ሐቀኛ ነጋዴ ነበርና፣ «በማይክ የተቀዳ ካሴት ያላችሁ አምጡ፤ በነጻ አጥርቼ እቀዳለሁ» ብሎ በሩ ላይ ለጠፈ። ደንበኞቹ ተሰልፈው መለሱለት። እርሱም በዚያው ካሴት ላይ ንጹሑን ድምፅ እየደረበ፣ ሳያስበው የሸዋርካብሽን ሳቅ ከእያንዳንዱ ላይ አጠፋ።

ሸዋርካብሽ ካረፈች ዘጠኝ ዓመት ሆኗል። ከቀብሯ በኋላ የሰማሁት እሮሮው አንድ ነው፦ «መሪጌታ፣ ፎቶግራፏ አለኝ፤ መልኳ አልጠፋኝም። ድምጿ ግን በየቀኑ እየራቀኝ ነው።» ከዚያ ወዲህ የተበላሸ ቴፕ ይዞ የሚመጣውን ሁሉ፣ ዋጋ ከመንገሩ በፊት፣ አሮጌ ካሴት በቤቱ እንዳለ ይጠይቃል።

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ሰኪና የምትባል የመጋረጃ ነጋዴ ያባቷን ቴፕ በፌስታል ይዛ መጣች። አባቷ ሰላሃዲን በዚያው ዓመት ነበር የሞቱት።

«ጋሼ፣ ይኼ ነገር ይድናል? ካሴትም ውስጡ ተቀርቅሯል።»

ኪዳነ ክዳኑን ፈልቅቆ ካሴቱን አወጣና እጁ ቀጥ አለ። በቀይ ቀለም «ባለ ጃንጥላው» የሚል የራሱ ጽሕፈት ነበር። በቀይ የሚጽፈው በማይክ በቀዳበት ዘመን ነው።

«አባትሽ ይህን ለምን ሳይመልሱልኝ ቀሩ?» አላት።

«እምቢ ብለው ነዋ! ከአገር ቤት መጥተው ሱቅ ውስጥ ብቻቸውን ሲያድሩ የገዙት ነው። ‹ይህን ስከፍት ሰው ያለበት ቤት ገብቼ የምበላ ይመስለኛል› ይሉን ነበር።»

ኪዳነ የቀለጠውን ላስቲክ ቀየረ፤ የተጠላለፈውን ክር በእርሳስ ጫፍ እያጠነጠነ ወደ ቦታው መለሰ። ቁልፉን ሲጫን ዘፈኑ እየተጎተተ ወጣ፤ ከዘፈኑ መካከልም አንድ ወፍራም፣ የተኛ የመሰለ ሳቅ ተሰማ።

«የወንድ ነው እንዴ?» አለች ሰኪና።

የሞተሩን ፍጥነት የምትቈጣጠረውን ትንሽ ብሎን በካቻቢቴ አዞረ። አሁን ደግሞ ሳቁ የሕፃን ሆነ። መለሰው፤ እንደ ገና አዞረው። ፊቱ በላብ ርሶ ነበር።

«የትኛዋ ናት? መሪጌታ፣ ረሳኋት! የገዛ ሚስቴን ድምፅ ረሳሁት።»

እኔም ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በእርግጠኝነት መለየት አልቻልሁም። ዘፈኑ ግን መጫወቱን አላቆመም፤ እርሱም ድንገት ካቻቢቴውን ጥሎ ከመደርደሪያው ሥር አንድ ካርቶን ጎተተ። ከዚያው ከባለ ጃንጥላው ሸክላ በገመድ የቀዳው ንጹሕ ካሴት አወጣ። ፍጥነቱ በታመነው በራሱ ቴፕ ከፈተው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ይጮኹ ጀመር።

«ዘፈኑ ልኩን ከያዘ እሷም ልኳን ትይዛለች። የእኔ ግራ ጆሮ ሞቷል፤ እርስዎ ይፍረዱልኝ።»

ድጓ ባቀናሁበት ጆሮ የጃዝ ጥሩንባ ልመዝን ተጎነበስሁ።

«ከፍ አድርገው። አሁንም። ኧረ አለፈ፣ መልሰው!»

«ወላሂ፣ መሪጌታ በዘፈን ሲፈርዱ አየሁ!» አለች ሰኪና። «ይኼንን ለደብሩ ነው የምናገረው።»

«ተናገሪ፤ ብቻ አሁን ዝም በይ። ዝቅ … ትንሽ … ቁም!»

ሁለቱ ዘፈኖች አንድ ሆኑ። ኪዳነ የራሱን ቴፕ አጠፋና ሌላውን ወደ ኋላ መለሰ። በጥሩንባዎቹ መካከል ቀጠን ያለ፣ ጫፉ ላይ የሚሰበር የሴት ሳቅ መጣ፤ ከሳቁም በኋላ ቃል።

«ኪዳኔ፣ እየቀዳህ ነው እንዴ? ውይ!»

አፍ ላይ የተጫነ እጅ ድምፅ ተሰማ። ኪዳነ ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ። ባዕዳኑ ዘፋኞች በቋንቋቸው እየጮኹ ይደሰታሉ፤ እርሷ ግን አልተመለሰችም።

«አለቀ ማለት ነው?» ስትል ሰኪና ቀስ ብላ ጠየቀች።

«አላለቀም። ከዚያ በፊት ‹ሥራዬን ታበላሺያለሽ› ብዬ ተቈጥቻት ነበር። እንግዲህ ትንፋሿን ውጣ ተቀምጣለች። ምነው በተናገረች! ምነው ባልሰማችኝ!»

ሰኪና የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች። «ጋሼ፣ ካሴቱን ይውሰዱት። አባባም ቢኖሩ እምቢ አይሉም።»

«አባትሽ ባይሰስቱባት ኖሮ ዛሬ የት ባገኘኋት? አብረን እናድምጣት፤ ከዚያ ይዘሽ ትሄጃለሽ። ስትናፍቀኝ እመጣለሁ።»

«እንግዲያ አሁን ላጥፋውና ሌላ ቀን…»

«ተይው ልጄ። እዚያው ናት።»

በርጩማ ስቦ ደኅናውን ጆሮ ስፒከሩ ላይ ጣለ። እኛም ተቀመጥን። ዘፈኑ በዘፈን ተተካ፤ በአንዱና በሌላው መካከል ያለችው ባዶ ቦታ ስትደርስ ሦስታችንም ትንፋሿን ፍለጋ ጆሯችንን እናቀና ነበር። በአንዲቱ ላይ ማንኪያ ሳሕን ነካ የመሰለን፣ ነገር ግን እርግጠኛ ያልሆንን ጊዜ፣ አንድ ሸካሚ ከደጅ «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያለ መጣ። ኪዳነ ቀና ሳይል እጁን ወደ በሩ ዘርግቶ ዝም እንዲል ለመነው።