የጓሮው አናጢ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ውሎዬ ጉለሌ ካለው ቤታችን ጓሮ፣ አባቴ በቆርቆሮ ከልሎ በሠራት አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። መላጊያ ይዤ ጣውላ ሳለሰልስ ልቤ ያርፋል፤ ምሳ ሰዓት ማለፉን እንኳ እረሳለሁ። ይህ ደስታ ግን የሚገባኝ አይመስለኝም። የአባቴ ደስታ ነበር፤ እኔ ደግሞ አፍሬበት ነበር።

በደርግ ጊዜ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። በሠራተኞች ቀን ሰልፍ ላይ ስለ ላብ አደሩ ክብር ድምፄ እስኪዘጋ ስጮህ እውላለሁ። ቤት ስመለስ አባቴን፣ "ሰጋቱራህን አራግፈህ ግባ እንጂ!" ብዬ እቆጣዋለሁ። እንዲህ ያለ ግብዝ ነበርኩ።

አንድ እሁድ አለቃዬ ሳይታሰብ ቤት መጣ። በዚያ ሰሞን የደረጃ እድገት እየጠበቅሁ ነበር፤ የቀረኝ የእሱ ፊርማ ብቻ ነው። ጓሮ ዘልቆ አባቴን ጎንበስ ብሎ ጣውላ ሲልግ አየውና፣ "እኚህ ማን ናቸው?" አለኝ።

"አናጢ ናቸው፤ አልፎ አልፎ እየመጡ ይሠሩልኛል" አልኩ።

ምን እንደነካኝ አላውቅም ብል ውሸት ነው። አውቃለሁ፤ አፈርኩበት። አባቴ ቀና ብሎ አየኝና ኮፍያውን አወለቀ።

"አዎ፤ ጌታዬ ሲጠሩኝ እመጣለሁ" አለ። ጌታዬ ያለው እኔን ነው።

አለቃዬ ሥራውን ወደደውና የመጻሕፍት መደርደሪያ አዘዘ። አባቴ ሁለት ሳምንት ለፋበት። ይቅርታ ልጠይቀው ስንት ጊዜ ጓሮ ድረስ ሄድኩ! እያፏጨ ሲሠራ ሳገኘው ግን ተመልሼ እገባለሁ። ደስ ብሎት ነበር፤ ደስታውን ለዝምታዬ ሰበብ አደረግሁት።

ሲያልቅ፣ አዲሱ ገበያ አጠገብ ወዳለው የአለቃዬ ቤት ለሁለት ተሸክመነው ሄድን። አጥሩ ሲታይ አባቴ ቆመ።

"አሁን ልቀቅልኝ፤ ያዩሃል" አለኝ።

ለቀቅሁለት። ብቻውን ትከሻው ላይ አወጣው። እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ ከፊት ከፊቱ ሄድኩ።

ሳሎን አስገብቶ አቆመውና ወጣ። የአለቃዬ ሚስት ለእኔ ወንበር ሳበችልኝ፤ ለእሱ በሳህን ምግብ አውጥታ በረንዳው ደረጃ ላይ ሰጠችው። ከተቀመጥኩበት ጀርባው ይታየኛል። ሻዬን ጠጣሁ፤ ቀልድም ነገርኳቸው። አለቃዬ እየሳቀ፣ እድገቴን ሰኞ እንደሚፈርምልኝ ነገረኝ።

ስንመለስ አባቴ ፊቱ በርቶ፣ "የሳሎናቸው ወለል ዘንበል ያለ ነው፤ መደርደሪያው ግን እንዴት ቀጥ ብሎ እንደቆመልን አየኸው?" አለኝ።

"አየሁት" አልኩት። ዞር ብዬ እንኳ አላየሁትም ነበር።