ቀይ ክር ያሰርንላቸው ዓሦች

ኮላ ድባ ባዮሎጂ ሳስተምር ቤት ያከራዩኝ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። አያ ነበር የምላቸው። አንድ የሰኔ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ቢቨር ስለሚባል የውጭ አገር እንስሳ የሚያሳይ ፊልም በስልኬ ሳይ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። እንስሳው እንጨት በጥርሱ እየቆረጠ፣ በጭቃ እየመረገ፣ ጅረቱን ይገድባል።

«ምነው፣ ይሄ እንደ እኔው አይደለም እንዴ የሚሠራው!» ብለው ሳቁ።

እውነታቸውን ነው። በየበጋው ከቤቱ በታች ያለውን ጅረት በድንጋይ፣ በቅርንጫፍና በጭቃ ገድበው ሽንኩርታቸውን ያጠጣሉ። ትንሽ ቆይተው ግን ሳቃቸውን አቆሙ።

«ቆይ፣ ዓሣውስ በየት ያልፋል?»

ክረምት ሲገባ ነጩ ዓሣ ከጣና ወጥቶ እንቁላሉን ሊጥል ጅረት ለጅረት ሽቅብ ይጓዛል። እኔም መልሱን አላውቀውም ነበር።

«በየዓመቱ ከግድቤ ሥር ሲርመሰመስ አያለሁ» አሉ። «የት እንደሚደርስ ግን አንድ ቀን እንኳ አስቤው አላውቅም።»

ሐምሌ እንደገባ አብረን ወደ ጅረቱ ወረድን። ዓሦቹ እየዘለሉ ከድንጋዩ ጋር ይላተሙና ተመልሰው ይወድቃሉ። አያ ሦስቱን በቅርጫት አወጡልኝ። እኔ የጀርባቸውን ክንፍ በመርፌ ወግቼ የት እንደሚደርሱ ለመለየት ቀይ ክር አሰርኩላቸው። ቋጠሮው እየላላ አስቸገረኝ።

«ቶሎ በይ ልጄ፣ ታፈነች እኮ!»

ከግድቡ በታች መልሰን ለቀቅናቸው። ሁለት ቀን ሳይዘንብ ቀረ፤ ሦስቱም እዚያው ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ግን ከባድ ዝናብ ጣለ። በማግስቱ ስንሄድ ግድቡ እንዳለ ቆሟል፤ ጎርፉ ግን በዳር በኩል አፈሩን ቦርቡሮ ቀጭን መተላለፊያ አበጅቷል። ከግድቡ በላይ ያለውን ጅረት እየተከተልን እስከ እኩለ ቀን ፈለግን።

«ነይ! ነይ!» ሲሉ ሰማሁ። ሮጬ ደረስኩ። ጠጠር ላይ በሚፈስ ስስ ውኃ ውስጥ ቀዩ ክር ይወዛወዛል። አንዷ አልፋለች! ሌሎቹን ሁለቱን አላገኘናቸውም፤ ይለፉ ይመለሱ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ዳር ላይ ቁጢጥ ብለው ውኃውን ተመለከቱ።

«ዝናቡ ቢዘገይስ ኖሮ?»

ወደ ግድቡ ይዘውኝ ተመለሱ። ሱሪያቸውን ሰብስበው ውኃው ውስጥ ገቡና ከግድቡ ጥግ ያሉትን ድንጋዮች አንድ በአንድ እያነሡ መተላለፊያውን አሰፉት። እኔም ጫማዬን አውልቄ ተከተልኳቸው።

«በጥቅምት መልሼ እደፍነዋለሁ» አሉኝ።

አሁን የማስተምረው ጎንደር ከተማ ነው። ባለፈው ክረምት ስደውልላቸው ድምፃቸው ቸኩሎ ነበር።

«ከእኔ ግድብ ሽቅብ የገደበው ጎረቤት ለዓሣው አልከፍትም አለ። ቆመሽ ስታዪው ሌላ ነው፤ ዓሣው ሲላተም እንዲያይ ወደ ጅረቱ ይዤው ልወርድ ነው» ብለው ስልኩን ዘጉት።