በረኪና የነካቸው አሥራ ሁለት ቺፖች

በረኪና በሸተተኝ ቁጥር የዘጠኝ ዓመት ልጅ እሆናለሁ። ፎረስት ፓርክ የሚባል ሰፈር የነበረው ቤታችን፣ የምድር ቤቱ ማጠቢያ፣ እስከ ጉልበቴ የረጠበው ቀሚሴ ይመጣብኛል። ምነው ባልመጣብኝ።

አባዬ ሽማግሌዎችን ሐኪም ቤት የሚያመላልስ ሾፌር ነበር። የምናውቀው የወሎ ሰው ሁሉ አገር ቤት ሲሄድ የቤቱን ቁልፍ፣ የሚስቱን ወርቅ ሳይቀር እሱ ጋ ያስቀምጥ ነበር። አባዬ አማና ብለው የሰጡትን አደራ ዝንብ አያሳርፍበትም።

አንድ ቀን ከሚያመላልሳቸው አንዱ፣ ፍራንክሊንተን ብቻቸውን የሚኖሩት ሚስተር ሃሮልድ፣ ኦፕራሲዮን ሊገቡ ሲሉ አሥራ ሁለት የቁማር ቺፖች፣ በገንዘብ ፈንታ የሚያስይዟቸውን ክብ ጠፍጣፎች፣ በትንሽ ሣጥን አድርገው አደራ ሰጡት። በወጣትነታቸው ካርታ ሲያድሉ የኖሩበት፣ ቺፖቹም የመጡበት ካዚኖ ከተዘጋ ቆይቷል። አባዬ የነገሩትን እራት ላይ ደገመልን፦ ዋጋው ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር አይደለም። ካዚኖው ሲዘጋ ቺፖቹ ተሰባብረው ስለተጣሉ የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከቀሩትም የሚፈለገው ጠርዙ ያልተበላ፣ የወርቅ ጽሑፉ ያልደበዘዘ፣ እንደተሠራ ያለው ነው። እኔ ግማሹን እየሰማሁ ሩዜን እበላ ነበር።

እማዬ ግን ተቆጣች። የቁማር ዕቃ በሚሰገድበት ቤት! አባዬ «አማና ነው፣ ምን ላድርግ?» አላት። ሦስት ቀን ተኳረፉ። እማዬ ከሰው የተገዛ አሮጌ ሳህን እንኳ ሦስቴ ሳታጥብ አታቀርብም ነበርና ነገሩ በማጠብ የሚያልቅ መሰለኝ። ቺፖቹን በሙቅ ውሃና በበረኪና ዘፈዘፍኳቸው፤ በሽቦ ፈተግኳቸው። ወርቁ ሲለቅ ቆሻሻው የለቀቀ መስሎኝ ደስ አለኝ፣ ሞኟ!

«ዳዲ፣ ክሊን አደረግኳቸው!» አልኩት። አልመታኝም። ሣጥኑን ይዞ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ሚስተር ሃሮልድ ቤታቸው ሲመለሱ ሣጥኑን ልንሰጣቸው አብረን ሄድን። አባዬ የሆነውን አንድም ሳይደብቅ ነገራቸው። አንዱን ቺፕ አንስተው መስኮቱ ጋ ወሰዱት፤ ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «ኢትስ ኦኬ፣ አህመድ። ሺ ኢዝ ጀስት ኤ ኪድ» አሉ፤ ምንም አይደል፣ ልጅ ናት ማለታቸው ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሾፌር እንዲላክላቸው ጠየቁ።

ከዚያ ወዲህ አባዬ የማንንም አደራ አልተቀበለም። ቁልፍ ይዞ ለሚመጣው ሁሉ ሰበብ ይፈጥር ነበር፤ ቀስ በቀስ የሚመጣም ጠፋ። ድሮ ቤታችን ሰው አይለየውም ነበር። ዛሬ አባዬ ሳሎን ውስጥ ብቻውን ቴሌቪዥን ሲያይ ይውላል። እኔ ዋይንላንድ ፓርክ ተከራይቼ እኖራለሁ፤ ልጅም ወልጃለሁ። ይቅርታ ስንቴ እንደጠየቅኩት አላውቅም። «አንቺ ምን አደረግሽ?» ይለኛል ሁልጊዜ፣ ዓይኔን ሳያይ።

ባለፈው ሳምንት ድንገት ሥራ ተጠራሁና የስድስት ወር ልጄን አባዬ እንዲያቆይልኝ ይዣት ሄድኩ። አቀፋት፣ ሳማት፣ አሸተታት። ከዚያ መልሶ እቅፌ ውስጥ አስቀመጣት።

«አደራ መጠበቅ ለሚችል ሰው ስጪያት፣ ልጄ» አለኝ።