የሐሙሷ አንባቢ

ሲርካ የባቡር ጣቢያችን ትኬት ሻጭ ነበረች። የሚመጣውንና የሚሄደውን ባቡር በድምፅ ማጉያ የምትጠራውም እሷው ነበረች። ድምፅዋ ወፈርና ረጋ ያለ ነው። አውቶቡስ በምነዳበት ዘመን ከጣቢያው ፊት ለፊት ቆሜ ተሳፋሪ ስጠብቅ፣ የትም የማልሄደው ሰውዬ እሷ ባቡር በጠራች ቁጥር ብድግ ልል ይቃጣኝ ነበር። በኋላ ትኬት በማሽን ሆነና ቢሮው ተዘጋ። ባሏ ኤርኪም በዚያው ሰሞን ሞተባት። ልጅ የላትም። ሰው ሁሉ "እንግዲህ ቤቷ ልትቀመጥ ነው" ሲል እሷ ድምፅዋን ይዛ ወደ ከተማችን ቤተ መጻሕፍት ሄደች።

ቤተ መጻሕፍታችን መጽሐፍ ብቻ አያውስም። የበረዶ መንሸራተቻም የስፌት መኪናም ይሰጣል። ሰኞ ሰኞ ማንበብ የሚያስፈራቸው ልጆች ለአንዲት ያረጀች ውሻ ጮክ ብለው ያነባሉ፤ ስለማታርማቸው ይወዷታል። ማክሰኞ ለሽማግሌዎች የስልክ ትምህርት አለ። እኔ ሄጄ ደህናውን ስልኬን አበላሽቼ ተመልሻለሁ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ግን የእኛ ነው። ክብ ሠርተን እንቀመጣለን፣ ሲርካ ልቦለድ ታነብልናለች፣ እኛ በአውራጃው ሆስፒታል ለሚወለዱ ሕፃናት የሱፍ ካልሲ እንሠራለን።

ከክቡ ውስጥ ወንድ እኔ ብቻ ነኝ። መጀመሪያ የገባሁት ብርድ ሸሽቼ ነው። ጎረቤቴ ማይሬ፣ ምላሷ ከመርፌዋ የሚፈጥን ሴት፣ ክርና መርፌ እጄ ላይ ጣል አድርጋ "እዚህ ሥራ ፈት አይቀመጥም" አለችኝ። የመጀመሪያ ካልሲዬን ስታይ ደግሞ፣

"ታይስቶ፣ ይሄ ለሕፃን ነው ወይስ ለድንች?" ብላ ሰው አሳቀችብኝ።

ባለፈው የበረዶ ወራት ሲርካ ገጽ ስትገልጥ ሁለት ሁለቱን እንደምትገልጥ አየሁ። ታሪኩ ግን አይዘልም። ማይሬ ነገሩ ከነከናትና ያንኑ መጽሐፍ ተውሳ ቤቷ አነበበችው። በማግሥቱ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣

"ያ ሲያስቀን የከረመው ቄስ መጽሐፉ ውስጥ አንዴ ብቻ ነው የሚናገረው! ያውም 'ደህና እደሩ' ብሎ ነው የሚሄደው" አለችኝ።

ያን ጊዜ ገባን። የሲርካ ዓይን መሀሉ ጠፍቷል፤ ዳር ዳሩን ብቻ ነው የሚያይላት። መንገዱን ታያለች፣ ስኒውን ታገኛለች፣ ፊደል ግን የለም። ሳምንቱን ሙሉ በድምፅ የተቀዳውን መጽሐፍ ቤቷ ስትሰማ፣ ምዕራፉን ስታጠና ትሰነብታለች። የረሳችውን ከራሷ ትሞላበታለች፤ እውነቱን ለመናገር ከደራሲው የተሻለ ትሞላዋለች። ሐሙስ መጽሐፉን ገልጣ ታነባለች፣ እኛም እንሰማለን።

ማወቃችንን ግን ማንም አልነገራትም። እኛ ፊንላንዶች እንዲህ ነን። የሰው ጉድለት እያየን እንዳላየ መሆን ትልቁ ጨዋነታችን ነው። የጎረቤት ቤት ቢቃጠል እንኳ ከማንኳኳታችን በፊት እንረብሸው ይሆን ብለን የምናስብ ይመስለኛል። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኛው ዝምታ ግን ነቀዘ።

የኅዳር ሐሙስ ነበር። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ሳቱ ለማታው የምግብ ዝግጅት ትምህርት ጠረጴዛውን ስታስተካክል፣ የሲርካን መጽሐፍ አንሥታ በቦታው ሌላ ትታ ሄደች፤ ቁመቱም ውፍረቱም አንድ ነው። ሲርካ መጥታ ተቀመጠች፣ መጽሐፉን አነሣች፣ ገለጠችና በዚያ ድምፅዋ ባሏ የሞተባት ሴት በባዶ ቤት ውስጥ ስትዞር የሚለውን ማንበብ ጀመረች። ከሽፋኑ ላይ ደግሞ ትልቅ ዓሣ አፉን ከፍቶ፣ አፉ ውስጥ ሎሚ ተወትፎበት፣ እኛን ያያል።

ማይሬ ከመርፌዋ ላይ ክሩ አመለጣት። እኔ ለሴትዮዋ ላልቅስ በዓሣው ልሳቅ ግራ ገባኝ። ሰዓቱ እስኪያልቅ ሁላችንም ካልሲያችን ላይ አቀርቅረን ቀረን። ስትጨርስ እንደ ልማዳችን "ጥሩ ነበር" አልናት፤ መጽሐፉን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወጣች።

ቀጥሎ የሆነውን የነገረችኝ ራሷ ናት። አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ከሄልሲንኪ የመጣ ሰውዬ አጠገቧ ነበር። የዋና ከተማ ሰው እንደምታውቁት ያየውን ሁሉ ይናገራል።

"ዓሣ ልትሠሪ ነው? እኔስ በቅቤ ነው የምወደው" አላት።

"የምን ዓሣ?"

"የያዝሽው መጽሐፍ ላይ ያለው ነዋ!"

የሚቀጥለው ሐሙስ ሲርካ አልመጣችም። የዚያ የሚቀጥለውም ወንበሯ ባዶ ዋለ። "እንደውልላት?" ስል ማይሬ፣ ያቺ ማይሬ እንኳ፣ "ብቻዋን መሆን ፈልጋ ይሆናል፣ ተዋት" አለችኝ። ሳቱም "ስትፈልግ ትመጣለች" አለች። እሷ ቤቷ ሆና አንድ ሰው ስልክ ይመታልኛል ብላ ትጠብቃለች፤ እኛ እሷን ላለመረበሽ እንጠነቀቃለን። በዚህ ዓይነት ጨዋነት ሰው መግደል ይቻላል።

ሳቱ መላ ብላ የተቀዳውን ንባብ በማጫወቻ አሰማችን። አንባቢው ስመ ጥር ተዋናይ ነው አሉ፤ አንድም ቃል አልሳተም። ማይሬ እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ ያን ወንበር አየሁና ተናደድኩ። ካልሲዬን እንደ ጀመርኩት ትቼ ሳልደውል፣ ሳልጠራ፣ ቀጥ ብዬ ሲርካ ቤት ሄድኩና በሩን ደበደብኩ።

"ማነው?"

"ታይስቶ ነኝ!"

"ማን ሞተ?" አለች ከውስጥ። እኛ ዘንድ ሰው ሳይጠራ የሚመጣው ለመርዶ ነው።

"ማንም አልሞተም። ክፈቺ፣ በረዶ ሆንኩ!"

ከፈተችና ፊቴን በዓይኗ ጥግ ፈለገችው።

"ዓሣ አስይዛችሁኝ ሰዓት ሙሉ ዝም አላችሁ" አለች።

"ምን እንበል ታዲያ? እንዳናሳፍርሽ ነው እኮ!"

"ይኸው አፈርኩ! ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቃችሁት?"

መዋሸት አማረኝ፤ ግን አልዋሸሁም።

"ከአምና ጀምሮ።"

የጫማ ማውለቂያዋ በርጩማ ላይ ቁጭ አለች። "ከአምና? እኔ እኮ እንዳይነቃብኝ እያልኩ ጠዋት ማታ ሳጠና ራሴን ጨረስኩ! አንዳችሁ እንኳ 'ሲርካ፣ አይተንሻል፣ ተይው' ብትሉኝ ምን ነበረበት?" ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። ያ ድምፅ ሲንቀጠቀጥ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

"ልክ ነሽ፣ በደልንሽ" አልኳት።

"አሁንስ ምን ላድርግላችሁ? የማታነብ አንባቢ። ሂዱ፣ ሌላ ፈልጉ።"

"እኔ መጽሐፍ ፍለጋ የመጣሁ መሰለሽ? ከተማሪ ቤት ወዲህ መጽሐፍ ጨርሼ አላውቅም።"

"እና ለምንድነው የምትመጣው?"

አንድ የአገሬ ወንድ ይህን ከሚመልስ በኅዳር ብርድ ሐይቅ ውስጥ ቢዋኝ ይመርጣል። ጣራውን አየሁ። "አንቺ ሳትኖሪ ሐሙሱ ሐሙስ አይመስለኝም" አልኩ በመጨረሻ።

ሲርካ ከበርጩማዋ ተነሣች። ከዚያ "ጫማህን አውልቅ፣ ወለሌን አራስከው" አለችኝ። ሄል የገባበት ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ።

ሐሙስ መጣች። መጽሐፍ አልያዘችም። እጇ ዓይን ስለማይፈልግ እንደ እኛው መርፌና ክር ይዛ ከክቡ ገባች፤ ማንበቡ ለማይሬ ደረሰ። ማይሬ ስታነብ ሰው የሚያሯሩጣት ነው የሚመስለው።

"ቀስ በይ፣ ማይሬ! ሰውየው እየሞተ ነው፣ አታሩጪው" አለች ሲርካ።

ሳቅን። ማይሬ ቀስ ለማለት ሞከረች፣ አልሆነላትም፣ ቀጠለች። ሲርካ ካልሲዋን ጀምራ ጥቂት እንደ ሄደች እጇን አቆመች። ክሩን ወደ ዓይኗ ጥግ አስጠጋችው፣ አራቀችው፣ መልሳ አስጠጋችው። ሁላችንም አየናት። ሁላችንም ልማዳችንን ልናደርግ፣ አንገታችንን ልንደፋ ነበር።

"ይሄ ክር ቀለሙ ምንድነው?" አለች ጮክ ብላ። "አይታየኝም።"

ማይሬ ንባቧን አቋረጠች። እኛ፣ አንዱ ተናግሮ ሳይጨርስ ሌላችን ትንፍሽ የማንለው ሰዎች፣ እኔም፣ ማይሬም፣ ከወዲያ ጠረጴዛ ሳቱም አንድ ላይ "ሰማያዊ!" ብለን ጮኽን።

"እሺ፣ እሺ፣ አትጩሁብኝ" አለች ሲርካ፣ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ። "የደከመው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው።"