የሸረፋ ዛጎል

የልጁ አንገት ላይ የታሰረው ዛጎል ተሰነጠቀ። «ይኸው! ዓይን ነው የሰነጠቀው። በሩን ዝጊ!» አሉ የሃሊማ አማት። ሃሊማ ዘጋች፤ ሌላ ዛጎል ልትገዛም እየሮጠች ወደ ቡታጅራ ገበያ ወረደች።

ልጇ ሸረፋ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ግን አይቆምም። እግሮቹ እንደ ቀስት ጎብጠዋል። ዓይን ፈርተውለት ከተወለደ ጀምሮ ከጎጆው ጨለማ አልወጣም። የክሊኒኩ ድሬሰር «አጥንቱ አልጠነከረም፤ ፀሐይ አሳዪው» ቢላት፣ አማቷ «ዓይን ቢበላው እሱ ይመልስልሻል?» ብለው አፏን አስያዟት። ባሏ አዲስ አበባ ስለሚነግድ በቤቱ የእሳቸው ቃል ሕግ ነው። እንግዲህ በጃንሆይ ዘመን፣ ሥልጣኔ ገባ እየተባለ በሚፎከርበት ከተማ ዳር፣ ልጅ እንደ ቆጮ ይቀበራል! ደግሞ ፍቅር ነው ይሉታል።

ዛጎል ሻጩ ጀማሉ የምጽዋን ባሕር ያየ ሰው ነው።

«ጠንካራውን ስጠኝ፤ ያኛው ተሰነጠቀ» አለችው ሃሊማ።

«ድንጋይ መሰለሽ እንዴ እህቴ? ባለቤቱ የሞተበት ቤት እኮ ነው። ማን ይጠግነው?»

«ባለቤቱ ማነው?»

«እንደ ቀንድ አውጣ ያለ ለስላሳ ፍጥረት። አጥንት የሚባል የለውም። ኖራውን ከባሕሩ ውሃ እየመጠጠ፣ ከገዛ ሥጋው እያወጣ፣ ልስን በልስን ላይ ይደርባል።»

«ውስጥ ተቀምጦ?»

ጀማሉ ሳቀ። «ውስጥ ተቀምጦማ ውጭውን በምን ይለስናል? ሥጋውን ከዛጎሉ ሥር ባለው ቀጭን ክፍተት አውጥቶ ቤቱን ከላይ ያለብሰዋል። ይህ የምታዪው ወዝ የእሱ ሥራ ነው። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ሲወጣ… አይበሉትም?»

«ይበሉታል እንጂ! ካልወጣ ግን ዛጎል የለም።»

ሃሊማ ዛጎሉን ጨብጣ ወደ ቤት ተመለሰች። አማቷ ውሃ ወርደው ነበር። አዲሱን ዛጎል አሰረችለትና ልጁን ታቅፋ ደጃፉ ላይ ቆመች። ወደ ኋላ ተመለሰች። ደግሞ ቆመች። ከዚያ ወጣች፤ ከእንሰቱ ፊት ቁርበት ዘርግታ አስቀመጠችው። ሸረፋ ብርሃኑ ሲመታው ዓይኑን ጨፍኖ ጮኸ።

ጩኸቱን የሰማች ጎረቤቷ ሳሌሃ በአጥሩ ብቅ ብላ ዓይኗን እግሮቹ ላይ ተከለች።

«ማሻአላህ በዪ!» አለች ሃሊማ። «እባክሽ፣ ማሻአላህ በዪና እዪው!»

«ማሻአላህ። ኧረ አንቺ፣ በዚህ እግር ደግሞ ማን ይቀናል?»

ቃሉ እንደ እሾህ ወጋት። ልጁን ልታነሳ እጇን ዘረጋች። በዚያው ቅጽበት አማቷ እንስራቸውን እንዳዘሉ «ሃሊማ! አብደሻል?» እያሉ ሲመጡ ሰማች። እጇን መለሰች። አማቷ ደርሰው እየተቆጧት፣ የእንሰቱ ጥላ ዞሮ የልጁ እግር ላይ ሲደርስ፣ ቁርበቱን ከነልጁ ጎትታ ወደ ፀሐዩ አስጠጋችው።